ለበረከት የሰጠኋቸው ሁለት ኪኒኖች

ሁሉም ነገር የሆነው በአንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያን ቀን የመኪናዬን ሰዓት ስንት ጊዜ እንዳየሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ናሆም እባላለሁ። በዲቪ ኮለምበስ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሪከንባከር ካሉት ዌርሃውሶች በአንዱ ውስጥ ዕቃ እቆጥራለሁ፤ ኮምፒውተሩ አለ የሚለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ በእርግጥ መኖሩን ማረጋገጥ ነው ሥራዬ። ኮሌጅ አልገባሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ብቻዬን እያነበብኩ ነው። ብዙ አልናገርም። በቤተ ክርስቲያናችን «ምስክርነት ያለው አለ?» ሲባል ጫማዬን ከሚያዩት አንዱ ነኝ።

የምኖረው ፒከሪንግተን፣ እትዬ ወርቅነሽ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሚሠሩ፣ ለኛ ለላጤዎቹ አከራይም እናትም የነበሩ ሴት ናቸው። ቤዝመንቱ ሁለት ክፍል አለው፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው በረከት።

በረከት አገር ቤት ስምንት መቶ ሜትር ይሮጥ ነበር። እዚህ መጥቶ ማታ ማታ እኔ በምሠራበት ዌርሃውስ ዕቃ የተደረደረበት ፓሌት እየጫነ፣ ቀን ጂም ውስጥ ትሬድሚል ላይ ይሮጣል። አንድ ቀን ግሌን የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው አውስትራሊያዊ አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ «አንተ ልጅ፣ ኳስ ይዘህ እንዲህ ብትሮጥ ማን ይይዝሃል?» አለው። እንዲህ ነው በረከት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋች የሆነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኳሱ እንደ ሎሚ ሞላላ ነው። በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚ ይተከላል። ኳሱ በእግር ተመትቶ በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ካለፈ ስድስት ነጥብ ነው፤ በጎን ካለፈ አንድ። በከተማችን ይህን የሚጫወት አንድ ትንሽ የአማተር ክለብ አለ፤ ግማሹ ከአውስትራሊያ ለሥራ የመጣ፣ ግማሹ እዚሁ ያደገ። ልምምዳቸው ዌስተርቪል ነው። በረከት መኪና ስላልነበረው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ዳር ቆሜ ስጠብቅ ደንቡን ከኢንተርኔት አውርጄ አነበብኩት። በሦስተኛው ወር ክለቡ የጎል ዳኛ ሲያጣ ግሌን «ያ ዝምተኛው ልጅ ደንቡን ከሁላችንም በላይ ያውቃል» ብሎ ቋሚዎቹ መሃል አቆመኝ። ነጭ ኮፍያ አጥልቄ ስድስት ነው፣ አንድ ነው እያልኩ እፈርድ ጀመር። ሥራው ተስማማኝ። መናገር አይጠይቅም፤ ማየት ብቻ ነው።

ግሌን ፊዚዮቴራፒስት ነው። በራሱ የሥራ ፈቃድ፣ በላይሰንሱ፣ የሚሠራባት አነስተኛ ክሊኒክ ነበረችው። ለክለቡ በነጻ ጡንቻ ያሻል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠቀልላል። በጨዋታ ቀን ደግሞ በትልቅ ነጭ ባልዲ መጠጥ በጥብጦ ለሁሉም ያድላል። «ምን አለበት?» ሲሉት «ምስጢሬ ነው፤ አያቴ ስትሞት ነው የነገረችኝ» እያለ ያስቃል። ያ ቀልድ ምን እንደሚያመጣበት ማን ያውቃል?

በዚያ ሰመር መጀመሪያ ላይ ሲንሲናቲ የሚካሄድ የክልል ውድድር መጣ። የዚያ ዓመት ውድድር ክብደት ነበረው። ከጥሩዎቹ ተጫዋቾች ጥቂቶቹ ተመርጠው አውስትራሊያ ሄደው ይጫወታሉ። በረከት ሊመረጥ እንደሚችል ሁሉም ያወራ ነበር። ምርጫ ስላለበትም የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ይኖራል ተባለ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ ሳየው የበረከት ዓይን አብጦ ጠፍቷል። የኦሃዮን የአበባ ብናኝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አፍንጫው ይፈሳል፣ ጉሮሮው ታፍኗል።

«በዚህ ዓይን ኳሱን ሁለት አድርጌ ነው የማየው» አለ።

«ሁለቱንም ያዛቸዋ» አልኩት። ከዚያ የመኪናውን ኪስ ከፍቼ ሁለት ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች ሰጠሁት። «የአለርጂ ነው። ሰኒ የላከችልኝ።»

በውኃ ዋጣቸው። ስሙን አልጠየቀኝም። እኔም አላውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ስህተቱ ያለው እዚህ ነውና። ሰኒ የምላት ሰናይት ታላቅ እህቴ ናት፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔ ብናኙ እንዳሠቃየኝ ስነግራት ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ኪኒን ገዛችና እትዬ ወርቅነሽ አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ በእጃቸው ላከችልኝ። የመጣልኝ ሙሉ ፓኬት አይደለም። ኪኒኖቹ የታሸጉበት ስትሪፕ በመቀስ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ነው የመጣው፤ አሥር ፍሬ። አገር ቤት መድኃኒት እንዲህ እንደሚሸጥ፣ እንዲህ እንደሚላክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ የዌርሃውስ መለያ ቁጥር አንድ አኃዝ ቢሳሳት ሺፍት የማዘገይ ሰው፣ ያን ኪኒን ምንነቱን ሳላነብ ሦስት ጊዜ ውጫለሁ። ከእህቴ እጅ የመጣ ነገር ይጠየቃል እንዴ?

በረከት ያን ቀን እንደ ንፋስ ሮጠ። ስድስት ጎል አገባ፤ አራቱን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ከጨዋታው በኋላ ከተመረመሩት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። እኔ ሌላ ሜዳ ላይ እየዳኘሁ ስለነበር የምርመራውን ፎርም ሲሞላ አልነበርኩም። «በዚህ ሳምንት የወሰድከው መድኃኒት» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብሎ ጽፏል። መዋሸቱ አልነበረም። እሱ ዘንድ መድኃኒት ማለት ሲታመሙ ሐኪም የሚያዝዘው ነው።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ለክለቡ መጣ። መጀመሪያ የተወራው «ስቴሮይድ ተገኘበት» የሚል ብቻ ነው። ስቴሮይድ ሲባል ደግሞ ሁላችንም ያሰብነው ክንድ የሚያሳብጠውን ነው። በረከት ቤዝመንቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ «በእግዚአብሔር ስም፣ ከዚያ ባልዲ በቀር ምንም አልወሰድኩም» አለኝ። አመንኩት። እኔም የሱን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ። ይህንኑ ለክለቡ ተናገረ። ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ወደ ግሌን አዞረ።

በደጋፊዎቹ ግሩፕ ቻት ላይ ለሦስት ሳምንት ተጨቃጨቁ። ከኔ በቀር የማይጽፍ አልነበረም። በመጨረሻ የክለቡ ሊቀ መንበር ክሬግ፣ ቀይ ጢም ያለው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዌስተርቪል በተከራየው አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። በረከትን ይዤው ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ሰው ነበር። ግሌን ግድግዳ ተደግፎ፣ ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

ጉዳዩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ግሌን ከክለቡ ተባርሮ ጥፋቱ የሱ መሆኑን ውድድሩን ለሚመራው ሊግ መጻፍ። ሁለተኛ፣ ላይሰንስ ለሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ማመልከት። ሁለተኛው ካለፈ ክሊኒኩ ሊዘጋ እንደሚችል ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

መጀመሪያ የተነሣችው ሼሪል ናት። ሼሪል የክለቡ ትልቋ ደጋፊ ናት፤ አንድ ጨዋታ ቀርታ አታውቅም። በአገሯ በአውስትራሊያ ከዓመታት በፊት የአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋቾች ምንነቱ በቅጡ ያልተመዘገበ መርፌ እንዲወጉ ተደርገዋል ተብሎ አገር ተናውጦ ነበር። ሼሪል ከልጅነቷ የዚያ ክለብ ደጋፊ ናት።

«እኔ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ» አለች። «የኛ ክለብ ባለሙያዎችም ‹እመነኝ› ነበር የሚሉት። ልጆቹ አመኑ። ከዚያ የታገዱት እነማን ናቸው? ልጆቹ!»

«ልጆቹም ቢሆኑ አፍ አላቸው» አለ ክሬግ። «ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ አለ። ገላው የማን ነው?»

«የሃያ ዓመት ልጅ ባለሙያው ክንድህን አምጣ ሲለው ምን ብሎ ነው እምቢ የሚለው? አንተ ባለፈው ባርቤኪዩ ላይ የበላኸው ሶሴጅ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቀሃል?»

«ሶሴጁን የሠራሽው አንቺ ስለሆንሽ መልሱን ፈርቼ ነው።»

ሰው ሳቀ። ግሌንም ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው።

«ግሌን» አለች ሼሪል፣ አሁን በዝግታ። «ባልዲው ውስጥ ምን ነበረ?»

«ውኃ፣ ጨው፣ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ።»

«የቀረ አለህ? የሚመረመር?»

«ባልዲ እኮ ነው ሼሪል። አጥበዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ስንጠይቅህ ምስጢር ነው አልክ?»

«ጨውና ስኳር ነው ብያችሁ ቢሆን ኖሮ ትጠጡት ነበር?» አለ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

አጠገቤ በረከት መሬት መሬቱን ያያል። ወደዚህ ጨዋታ ያመጣው ግሌን ነው፤ ጉልበቱን ሲያመው ክሊኒኩ ወስዶ ያሸው ግሌን ነው። ግን የወሰደው ነገር ከዚያ ባልዲ ሌላ የለም። ምን ይበል?

ክሬግ የሊጉን ደብዳቤ አወጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አነበበው። የተገኘውን ነገር ስም ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረበት። «ዴክሳ... ዴክሳሜታዞን።»

ሼሪል ስልኳን አወጣች። «ይኸው። ጡንቻ የሚያሳብጠው ዓይነት አይደለም። ለአስም፣ ለእብጠት፣ ለአለርጂ የሚሰጥ ነው። በአፍ ከተወሰደ በውድድር ቀን የተከለከለ ነው ይላል።»

ለአለርጂ።

መኪናዬን፣ የበረከትን ዓይን፣ የተቆረጠውን ስትሪፕ አየሁ። በማሸጊያው ብርማ ወረቀት ላይ የስሙ ጅራት ብቻ ተርፎ ነበር። እንደዚህ የሚያልቅ መሰለኝ። መሰለኝ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጅ እናወጣለን» አለ ክሬግ። «ከኛ በኋላ የልደት ግብዣ ስላለ አዳራሹን መልቀቅ አለብን።»

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ከአርባ ሁለት። ተነሣሁ።

«ወዴት ነህ?» አለኝ በረከት በሹክሹክታ።

«መጣሁ።»

«አሁን? ጥለኸኝ?»

«መጣሁ አልኩህ እኮ።»

ከዌስተርቪል ፒከሪንግተን በሃይዌይ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ራዲዮ አልከፈትኩም። አሥር ሰዓት ከስምንት ላይ ቤት ደረስኩ። ስትሪፑን ከሲንሲናቲ መልስ መሳቢያዬ ውስጥ አስገብቼው ነበር። አምስት ፍሬ ቀርቶታል፤ ሦስቱን እኔ፣ ሁለቱን በረከት። ገለበጥኩት። በመቀስ ከተቆረጠው ጠርዝ ጀምሮ የስሙ መጨረሻ ይነበባል፤ ከሥሩ መጠኑ። ሜታዞን። ግማሽ ሚሊግራም።

ደረጃውን ስወጣ እትዬ ወርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ሳሎን ቁጭ ብለዋል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆነ? ስብሰባው አለቀ?»

ስትሪፑን አሳየኋቸው። በአራት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያን እኔ በቦርሳዬ ያመጣሁትን?»

«አዎ እትዬ።»

«ቁጭ በል።»

«ጊዜ የለኝም እትዬ።»

«ቁጭ በል አልኩህ!» ተቀመጥኩ። «አሁን ሄደህ ምን ልትል ነው? በረከት ፎርም ላይ የለም ብሎ ፈርሟል። ነገ ውሸታም ነው ይሉታል። አሁን ባለበት ግን በሰው እጅ የተጎዳ ልጅ ነው፤ ያዝኑለታል፤ ምናልባትም ይልኩታል። ሰውየው እንደሁ ፈረንጅ ነው፤ አገሩ ነው፤ ጠበቃ ይይዛል። አንተ ለሱ ብለህ ወንድምህን ትሰጣለህ?»

«ሰውየው ምንም አላደረገም እትዬ።»

«እሱን አልካድኩም» አሉ። ቆዩና ደግሞ፣ «እኔ ዝም በል አላልኩህም። ወንድምህ ነው ነው ያልኩህ» አሉኝ።

ከዚያ ስወጣ ስልኬን አወጣሁ። የበረከትን ቁጥር ከፈትኩ። ጣቴ ስሙ ላይ ቆመ። ብደውልለት «ተው ናሆም፣ እባክህ» ይለኛል ብዬ አሰብኩ። እሱ ከለመነኝ እምቢ ማለት እንደማልችል አውቅ ነበር። ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወርኩና መኪናውን አስነሣሁ። ያን ጊዜ እንደ ጥንካሬ ነበር የቆጠርኩት።

ዌስተርቪል መግቢያ ላይ ያለ ፋርማሲ ክፍት ነበር። አሥር ሰዓት ከአርባ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስትሪፑን በብርሃን አየችው።

«ከየት አገር ነው?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«እዚያው።»

ኮምፒውተሯን ነካካች። «እንዲህ የሚያልቅ ስም ያላቸው፣ በዚህ መጠን የሚሠሩ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ወይ ቤታሜታዞን ነው፣ ወይ ዴክሳሜታዞን። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።»

«የትኛው ነው?»

«ከዚህ ቁራጭ ማወቅ አይቻልም። ለምን ወሰድከው?»

«ለአለርጂ።»

«ለአለርጂ ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር» አለችና ስትሪፑን መለሰችልኝ። «ከእንግዲህ እንዳትነካው።»

ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሜ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ከሆኑ፣ ያኛው ሊሆን ይችላል። ያኛው ከሆነ በበረከት ሰውነት የተገኘው የኔ ኪኒን አይደለም። ካላወቅሁ ደግሞ ዝም ብል ማን ይወቅሰኛል? እንዲህ እያልኩ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆምኩ። በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማደርገውን ግን አውቃለሁ፤ ሳጥኑን ከፍቼ አያለሁ። ሰናይትን ደወልኩላት። አዲስ አበባ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል።

«ናሆምዬ! ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ ሰኒ። የላክሽልኝ ኪኒን፣ ግማሹ እናንተ ጋ ቀርቷል?»

«በዚህ ሰዓት ለኪኒን ነው? ልቤን ነው ያወረድከው!»

«ካለ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። አሁኑኑ።»

መሳቢያ ሲከፈት፣ ዕቃ ሲገላበጥ ሰማሁ። «እማዬ ለጉልበቷ ሁለቱን ወስዳለች» አለች፤ ይህም ሌላ ራስ ምታት ነው። ከዚያ ፎቶው ደረሰ። የስሙ ራስ እዚያ ነበር፣ መቀሱ በቆረጠው ጠርዝ ላይ የሚያበቃ። ዴክሳ።

«እማዬ ከእንግዲህ እንዳትወስደው። ነገ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው አዳራሹ ገባሁ። ክሬግ ቆሟል። «እንግዲህ የመጀመሪያውን የምትደግፉ—»

እጄን አወጣሁ።

«ናሆም፣ ገና አልጀመርንም። ድጋፍ ነው?»

«መናገር እፈልጋለሁ» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ የራሴ አልመሰለኝም። ሠላሳ ሰው ዞረ። እንግሊዝኛዬን በጽሑፍ እንጂ በአፌ አላምነውም፤ ስለዚህ አጫጭር አድርጌ በተራ ተናገርኩ። በውድድሩ ቀን ጠዋት ለበረከት ሁለት ኪኒን ሰጠሁት። የአለርጂ ነው አልኩት። ከአገሬ የመጣ ነው። ስሙን አላነበብኩም ነበር። አሁን አነበብኩት። ስትሪፑንና ፎቶውን ክሬግ ፊት ጠረጴዛው ላይ አጠገብ ለአጠገብ አደረግኋቸው። ስሙ ሙሉ ሆነ።

በረከት ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«የአለርጂ ነው አይደል ያልከኝ?» አለ፣ በአማርኛ፣ በኃይል። «አንተ አይደለህ በእጅህ የሰጠኸኝ? እኔ ምን አውቄ ነው የምጽፈው?»

«ምን እያለ ነው?» አለ ክሬግ።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ሰው አዳራሹ ውስጥ ስላልነበረ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «የአለርጂ መድኃኒት ነው ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው፣ ምን አውቄ ልጽፍ ኖሯል፣ እያለ ነው። ያለው እውነት ነው።»

«አትተርጉምልኝ!» አለኝ በረከት። ይህንንም ልተረጉም አፌን ከፍቼ ተውኩት። በረከት ሰዉን እየገፋ ወጣ።

ሼሪል ስትሪፑን አንሥታ አየችው። «ሶሴጁ» አለች ለራሷ። ከዚያ ተነሥታ ግሌን አጠገብ ካሉት ባዶ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም፤ ተቀመጠች ብቻ። ግሌን እጁን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ።

እጅ ሳይወጣ ስብሰባው አለቀ። በሩ ላይ ፊኛ የያዙ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ግሌን ሲወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «እኔም መንገር ነበረብኝ፤ ጨውና ስኳር መሆኑን» አለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ፓርኪንጉ ውስጥ በረከትን ፈለግሁ። በኡበር ሄዷል።

የሆነው ይህ ነው። ግሌን ክሊኒኩን አላጣም። የኔን ጽሑፍና ፋርማሲስቷ የሌላውን ግማሽ ፎቶ አይታ የሰጠችውን ማረጋገጫ ለሊጉ ላክን። ሊጉ የበረከትን ቅጣት ቢያቀልለትም የዚያ ዓመት ጉዞ አመለጠው። ፎርሙ ላይ «የለም» ማለቱ ግን በሊጉ ውስጥ ወሬ ሆኖ ቀረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከቤዝመንቱ ወጥቶ ሪከንባከር አጠገብ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተጋራ። እትዬ ወርቅነሽ አልተቆጡኝም፤ ስሜን መጥራት ግን ለጥቂት ጊዜ ተዉ። በቤተ ክርስቲያን አንዱ «ጀግና ነህ» ሲለኝ፣ ሌላው እዚያው አጠገቡ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያ አየ።

እኔ ራሴን ከጀግናው ወገን አድርጌ ነበር የማየው። ዝምተኛው ናሆም ተነሥቶ እውነት ተናገረ። ለሰባት ወር ያህል በዚህ ኖርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ሺፍት ሲቀየር፣ ዌርሃውሱ ውስጥ ልብስ የምናስቀምጥበት ሎከር ጋ ከበረከት ጋር ተገናኘን። ሌላ ሰው አልነበረም። ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ስለተናገርክ አይደለም የተቀየምኩህ። ይህን እወቅ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እትዬ ቀድመውኝ ሰሙ። ፋርማሲስቷ ሰማች። ሰናይት በእኩለ ሌሊት ተቀስቅሳ ሰማች። እኔ፣ ነገሩ የኔ የሆነው ሰውዬ፣ ከሼሪል ጋር እኩል ሰማሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ላይ ነበርክ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር።»

«እንዳልናገር ትለምነኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እና ሳትጠይቀኝ ፈረድክብኝ።» የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀው። «እኔ ራሴ ተነሥቼ እናገረው ነበር፣ ናሆም። ከኔ አፍ ቢወጣ ውሸታም የሚለኝ አልነበረም።»

የሥራ ካርዱን በሩ ላይ አስነክቶ ወጣ።

ይህን የምታነቡ፣ ከኪኒኑ የሚገኘው ትምህርት ለማንም ግልጽ ነው፤ ምን እንደሆነ የማታውቁትን አትዋጡ፣ ለሰውም አትስጡ። እሱን ለመናገር ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። እኔን የለወጠኝ ሌላው ነው። ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል ሲባል እሰማለሁ። ሠላሳ ሰው ፊት መቆም ለኔ ከባድ ነበር፤ ግን ከአንድ ሰው ፊት ከመቆም ስለቀለለኝ ነው የቆምኩት። ከባዱን ዘልዬ ቀላሉን መረጥኩና ጀግንነት ነው አልኩት። ዛሬ ስለ አንድ ሰው የምናገረው ካለኝ መጀመሪያ የምደውለው ለራሱ ለሰውየው ነው። ሲጠራ መዝጋት አሁንም ያምረኛል። እደውላለሁ።

ይህንንም ጽሑፍ ማንም ሳያየው ለበረከት ላክሁለት። በአምስተኛው ቀን ደወለ፤ ከሎከሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የጻፍኩት ትክክል መሆኑን ነገረኝና፣ «አንድ ቦታ ብቻ አውጣልኝ» አለ።

«የቱን?»

«‹እናገረው ነበር› ያልኩትን። እናገረው እንደነበር እኔም አላውቅም።»

ሎከሩ ጋ ያለውንም በስልክ ያለውንም፣ ሁለቱንም ሳላወጣ እንዳሉ እንድተዋቸው ፈቀደልኝ።